ከመደብር፣ ከባልደረባ፣ ከቤተሰብ ወይስ ከመሥሪያ ቤት? የካሊፎርኒያ ፖሊስ የግል ሽጉጥ የሚገዛባቸው መንገዶች ንጽጽር

በካሊፎርኒያ ለራሱ ሽጉጥ የሚገዛ ፖሊስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊሸጠው ሲነሣ ግን ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ይህን መሣሪያ ለማን ማዛወር እችላለሁ? የዚህ ጥያቄ መልስ ያለቀለት ሽጉጡ የተገዛ ዕለት ነው። ስለዚህ አራቱን መንገዶች ስናወዳድር ከዋጋውና ከሚያስጠብቀው ቀን ይልቅ መውጫውን እናስቀድማለን። ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም ዶላር ነው።

ፖሊስ ሁሉ እኩል አይደለም

ስቴቱ ከ2001 ጀምሮ መደብሮች ለሲቪል ሊሸጧቸው የሚችሉትን ሽጉጦች በዝርዝር ይዟል፤ ሁሉም ሰው ሮስተር ይለዋል። በ2013 ደግሞ ጥይት ሲተኮስ ቀለሃው ላይ መለያ የሚያትም ስልት እንዲኖር ተጠየቀ። አምራቾችም አዲስ ሞዴል ማስገባቱን ለዓመታት ተዉት። ግሎክ 19 የተባለውን ሽጉጥ ብንወስድ ሮስተሩ ላይ የቆየው ጄን 3 (ሦስተኛው ትውልድ) ነው፤ ጄን 4ም ጄን 5ም አልገቡም። በ2023 ፍርድ ቤት ይህን ግዴታ ካገደ ወዲህ አንዳንድ አዳዲስ ሽጉጦች ቢጨመሩም፣ ሰው የሚፈልገው ብዙው ሞዴል አሁንም ከሮስተር ውጭ ነው። ከሮስተር ውጭ ያለ ሽጉጥ በሲቪል ገዥ ዘንድ ውድ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ፖሊስ ከሮስተር ነፃ ነው ሲባል ብዙዎች አንድ ዓይነት ነፃነት ያለ ይመስላቸዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32000 ግን ፖሊሶችን በሁለት ጎራ ይከፍላል። በአንደኛው ጎራ የከተማ ፖሊስ፣ የሸሪፍ ቢሮ፣ ሀይዌይ ፓትሮል፣ የማረሚያ ቤቶች መምሪያ፣ የዐቃቤ ሕግ ቢሮዎችና የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች አሉ። ቃለ መሐላ የፈጸሙ አባሎቻቸው ከሮስተር ውጭ ያለ ሽጉጥ ለግላቸው መግዛት ይችላሉ። በኋላም በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል መሣሪያ ለመያዝ ለሚፈቀድለት ሲቪል ማዛወር አይከለከሉም። በሁለተኛው ጎራ የፓርኮች ፖሊስ፣ የአልኮል መጠጥ ቁጥጥር፣ የዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ቢሮ) መርማሪዎች፣ የካውንቲ ፕሮቤሽን (ፍርደኞችን ከእስር ውጭ የሚከታተለው ቢሮ)፣ የትምህርት ቤት ፖሊስና ሌሎችም አሉ። እነዚህ ለመግዛት የተወሰነውን ሥልጠና መጨረስና በየ6 ወሩ የተኩስ ብቃት ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። የገዙትንም ነጋዴው ከሮስተር ነፃ ላልሆነ ሰው ሊያዛውርላቸው አይችልም።

ስለዚህ የከተማ ፖሊስ የገዛው ጄን 5 ገበያው ሰፊ ነው፤ የፕሮቤሽን ኦፊሰር የገዛውን ያንኑ ሽጉጥ ሊረከበው የሚችለው ግን እንደ እርሱ ከሮስተር ነፃ የሆነ ሰው ብቻ ነው። በሁለተኛው ጎራ ሆነው አንድ ቀን ልሸጠው እችላለሁ ብለው የሚያስቡ ከሆነ፣ ሮስተሩ ላይ ያለውን መግዛት ይሻላል። ትንሽ ያረጀ ሞዴል ቢሆንም መውጫ አለው።

አዲስ ከመደብር

የመሥሪያ ቤትዎ ኃላፊ የሚጽፍልዎ ደብዳቤ ትክክል ከሆነ ፈጣኑ መንገድ ይኸው ነው። ሲቪል ገዥ 10 ቀን ይጠብቃል፤ ቀኑም በ24 ሰዓት በ24 ሰዓት ስለሚቆጠር ማክሰኞ 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ የተመዘገበ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ጠዋት ሳይሆን ዓርብ 9 ሰዓት ይመጣል። ደሞዝ የሚከፈለው የሙሉ ጊዜ ፖሊስ ግን የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ደብዳቤ ካቀረበ በዕለቱ ይዞ ይወጣል።

ደብዳቤው በመሥሪያ ቤቱ አርማ ላይ ተጽፎ፣ ገዥው ማን እንደሆነ፣ የሙሉ ጊዜ ፖሊስ መሆኑን፣ በሥራ ላይ መሣሪያ እንዲይዝ የተፈቀደለት መሆኑንና ኃላፊው ግዢውን መፍቀዱን መናገር አለበት። አብዛኛው ደብዳቤ የሚመለሰው በጥቃቅን ነገር ነው፦ በኃላፊው ፈንታ የፈረቃው ሳጅን ፈርሞበታል፣ «የሙሉ ጊዜ» የሚለው ቃል ተረስቷል፣ ወይም ቀኑ ቆይቷል። ብዙ መደብሮች ከ30 ቀን ያለፈ ደብዳቤ አይቀበሉም። ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ፖሊስ) ሆኖ የሚያገለግል ሰው ደግሞ ደብዳቤ ቢይዝም የሙሉ ጊዜ ስላልሆነ 10 ቀኑን ይጠብቃል።

በእኛ ስሞች የሚመጣ የተለየ ችግርም አለ። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም በአንድ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ላይ በሌላ ሰፍሮ ይገኛል፤ የተስፋዬ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ትርፍ ብትሆን ነጋዴው ማመልከቻውን ላለመላክ ምክንያት ይኖረዋል። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ እንደ መካከለኛ ስም ገብቶ ሌላው ላይ ከቀረም ያው ነው። ገዥ ሁሉ መደብር ውስጥ በሚሞላው የፌዴራል ፎርም 4473 ላይ መካከለኛ ስም የሌለው ሰው ቦታውን ባዶ አይተውም፤ «ኤን ኤም ኤን» ብሎ ይሞላል። ደብዳቤው ሲጻፍ ጸሐፊዋ መንጃ ፈቃዱን እያየች እንድትገለብጥ ማድረግ ነው። አድራሻ የቀየሩም በዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ ማስተካከላቸው ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ አድራሻ ያለበት የመኪና ምዝገባ ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ደብዳቤው ሁለት ዓይነት መሆኑም ልብ ይባል። አንደኛው አሁን ያየነው የ10 ቀን ማንሻ ነው። ሌላው የፌዴራል ሕግ የሚያውቀው «ለሥራ የሚውል መሣሪያ» ደብዳቤ ነው፤ ይህ ፎርም 4473ን ጭምር ያስቀራል፤ ነገር ግን ገዥው በቤት ውስጥ ጥቃት ወንጀል እንዳልተፈረደበት መዝገብ መታየቱን መግለጽ አለበት። ለግል፣ ይልቁንም በኋላ ለመሸጥ ለሚገዙት ሽጉጥ ሁለተኛውን ማጻፍ በጽሑፍ መዋሸት ነው። ለግልዎ ሲገዙ 4473ን እንደ ማንኛውም ሰው ይሙሉ።

ወጪውን እንየው። የስቴቱ የምዝገባ ክፍያ፣ ሁሉም በአጠራሩ ድሮስ የሚለው፣ 37.19 ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሽጉጥና በጥይት ላይ የተጣለው 11 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ በሥራ ላይ ያለንም በጡረታ የወጣንም ፖሊስ አይመለከትም፤ በ600 ዶላር ሽጉጥ ላይ 66 ዶላር ቀረ ማለት ነው። አንዳንድ የገንዘብ መመዝገቢያዎች ታክሱን በራሳቸው ስለሚደምሩት ደረሰኙን ከመፈረምዎ በፊት ይዩት። መደበኛው የሽያጭ ታክስ ግን አይቀርም። ግሎክ ለፖሊሶች የሚሰጠው ብሉ ሌብል የተባለው ቅናሽም እዚህ ላይ ይታሰባል። በዓመት ሁለት ሽጉጥ ያስገዛል፤ ለሌላ ሰው ተብሎ የሚገዛበት አይደለም። ግሎክን ለሚያስቡ አንድ ማስታወሻ፦ በኦክቶበር 2025 የተፈረመው ሕግ በቀላሉ ወደ አውቶማቲክ የሚቀየሩ ሽጉጦችን መደብሮች ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዳይሸጡ ያደርጋል። የሚፈልጉት ሞዴል በዚህ ውስጥ መውደቁን ክፍያ ሳይፈጽሙ ይጠይቁ።

ከባልደረባ ወይም ከሌላ ግለሰብ

ባልደረባ ከባልደረባው በሎከር ክፍል ገንዘብ ተቀብሎ ሽጉጥ ማስረከብ አይችልም፤ ሁለቱም መለዮ ለባሽ መሆናቸው ምንም አይለውጥም። ሻጭና ገዥ አብረው ባለፈቃድ ነጋዴ ፊት ይቀርባሉ፣ መታወቂያቸውን ያሳያሉ፣ ቅጹን ሞልተው የአውራ ጣት አሻራ ይሰጣሉ፤ ሽጉጡም እዚያው ይቆያል። ነጋዴው ለአገልግሎቱ ከ10 ዶላር በላይ መጠየቅ ስለማይችል ከድሮሱ ጋር ጠቅላላው 47.19 ነው። ኤክሳይዝ ታክስ የለበትም። ሽጉጥ የሚሸጥ መደብር የሰው ለሰው ዝውውር አልሠራም ማለት አይችልም፤ ደስ ብሏቸው የሚሠሩት ባይሆንም።

ገዥው ፖሊስ ከሆነ የኃላፊው ደብዳቤ እዚህም ይሠራል፤ በዕለቱ ይረከባል። ሲቪል ከሆነ 10 ቀኑን ይጠብቃል፣ አስቀድሞም የመሣሪያ ደኅንነት ካርድ መያዝ አለበት። ፈተናው 30 ጥያቄ ነው፤ 23 መመለስ ያሳልፋል፣ ዋጋው 25 ዶላር፣ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ፖሊስ ከዚህ ነፃ ነው። ሲቪሉ የተፈቀደ የመሣሪያ ቁልፍም ያስፈልገዋል፤ ከቤት ያመጣው ከሆነ ከ30 ቀን ያላለፈ ደረሰኝ ይጠየቃል።

ዝውውሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በካዝናው ነው። ግሎክ 17 ከፋብሪካ ሲወጣ 17 ጥይት የሚይዝ ካዝና አለው፤ ፖሊስ መያዝ ይችላል፣ ለሲቪል ግን ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና ማስተላለፍ ክልክል ነው። ሻጩ ሣጥኑን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ሲከፍተው ሦስት ባለ 17 ካዝናዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ ነጋዴውም ሥራውን ያቆማል። ሁለት ባለ 10 ካዝና አስቀድመው ገዝተው ይምጡ፤ ዋጋውንም ከገዥው ጋር ይነጋገሩበት። ጫፉ ላይ ሌላ ዕቃ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ያለው አፈሙዝ ከተገጠመበትም ሽጉጡ እንደ ጥቃት መሣሪያ ስለሚቆጠር ለሲቪል አይዛወርም። አፈሙዙ ወደ ነጋዴው ከመሄዱ በፊት ይቀየር።

ገዥው በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰደው ማመልከቻው ይሰረዛል፤ ሽጉጡ ወደ ሻጩ ተመልሶ ነገሩ ሁሉ ከአንድ ይጀመራል። ስለዚህ ሻጭ ሆይ፣ ገንዘቡን በየትኛው ቀን እንደሚቀበሉና ዝውውሩ ካልተሳካ ማን ክፍያውን እንደሚሸከም በጽሑፍ ይያዙ።

ቁጥሩስ? በስቴቱ ሕግ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ሰው በዓመት ከ6 ያነሰ ዝውውር ብቻ ማድረግ ይችላል። ፌዴራሉ ግን ቁጥር አያስቀምጥም፤ የሚያየው ለትርፍ ነው ወይ የሚለውን ነው። ከሮስተር ውጭ ያለን ሽጉጥ በቅናሽ ገዝቶ፣ ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት ለሲቪል በእጥፍ መሸጥ ምን እንደሚመስል መርማሪ ለማስረዳት አይቸገርም። የፌዴራሉ የመሣሪያ ቢሮ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ በ2017 ስለዚሁ ለፖሊስ አዛዦች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የፓሳዲና ፖሊስ ሌተናንት የነበረ ሰውም ከ100 በላይ መሣሪያ ያለ ፈቃድ በመሸጡ ጥፋተኛነቱን አምኖ በ2019 አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈርዶበታል።

ለዘመድ ብሎ መግዛት

ብሩስ አብራምስኪ በቨርጂኒያ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። በ2009 በፖሊስ ቅናሽ ግሎክ 19 ገዛ፤ አጎቱ አስቀድሞ የ400 ዶላር ቼክ ልኮለት ነበር። ከዚያ ሽጉጡን በፔንሲልቫኒያ በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ለአጎቱ አዛወረ። ሁለቱም መሣሪያ ለመያዝ አይከለከሉም፣ ዝውውሩም በሕጋዊ በር አልፏል። ያም ሆኖ ፎርም 4473 ላይ «ትክክለኛው ገዥ እኔ ነኝ» ብሎ መፈረሙ ወንጀል ሆነበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2014 በ5 ለ4 አጸናው። በራስዎ ገንዘብ ገዝተው ለወንድምዎ ስጦታ መስጠትና ወንድምዎ በላከው ገንዘብ መግዛት በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከቤተሰብ

በካሊፎርኒያ አባት ወይም እናት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ፣ እንዲሁም በተገላቢጦሽ፣ ነጋዴ ሳያስፈልግ ሽጉጥ ማዛወር ይችላሉ፤ ሁለቱም የስቴቱ ነዋሪ መሆን አለባቸው። ተቀባዩ ሽጉጡን ከመረከቡ በፊት የደኅንነት ካርድ (ወይም ከእርሱ ነፃ መሆን) ይኑረው፤ በተረከበ በ30 ቀን ውስጥም 4544ኤ የተባለውን ቅጽ ከ19 ዶላር ጋር ይላክ። ከሮስተር ውጭ መሆኑ አይከለክልም። ከአራቱ መንገዶች ርካሹ ይህ ነው። ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት ግን እዚህ አይገቡም። «እኛ ዘንድ የአክስት ልጅም ወንድም ነው» የሚለው በቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ እነርሱ ወደ ነጋዴ ይሄዳሉ።

ከመሥሪያ ቤት

ጡረታ ሲወጡ የታጠቁትን ሽጉጥ መግዛት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይፈቅዳሉ፤ ውሳኔው የየመሥሪያ ቤቱ ነው። ሽጉጡን ያውቁታል፣ ማን እንደተኮሰበትም ያውቃሉ፤ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ የዝውውሩ ሸክም በመሥሪያ ቤቱ ላይ ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ ስምዎን፣ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን ወደ ስቴቱ የመሣሪያ መዝገብ ማስገባት አለበት። ስህተት ሲፈጠር ዝምታ ነው የሚያጋጥመው፦ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሽጉጡ በእጅዎ ሆኖ፣ መዝገቡ ላይ አሁንም የመምሪያው ንብረት ነው። ከወር በኋላ በስምዎ የተመዘገቡትን ዝርዝር ከስቴቱ ፍትሕ መምሪያ ይጠይቁና ያረጋግጡ።

ከሌላ ስቴት ለሚመጡ

ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ወይም ሳንዲያጎ የሚዛወር ሰው ያለውን ሽጉጥ ሮስተሩ ላይ ባይሆንም ይዞ መግባት ይችላል፤ በ60 ቀን ውስጥ በ19 ዶላር የአዲስ ነዋሪ ሪፖርት ያቀርባል። እዚህ ከገቡ በኋላ በሌላ ስቴት ካለ ጓደኛ መግዛት ግን ይለያል። ሽጉጡ ወደ ካሊፎርኒያ ነጋዴ መላክ አለበት፣ በስቴቱ ውስጥ የግለሰብ ለግለሰብ ዝውውር ከሮስተር ያለው ነፃነትም አይሸፍነውም። ከሮስተር ውጭ ከሆነ ሊረከበው የሚችለው ራሱ ነፃ የሆነ ፖሊስ ብቻ ነው። አካዳሚ ውስጥ ያለ ተመልማይ ገና ቃለ መሐላ ስላልፈጸመ ከዚህ አይቆጠርም። ባለ 17 ካዝናዎቹን እስከዚያ ቀን ድረስ በመጣበት ስቴት ይተዋቸው፤ ከሮስተር ውጭ ያለ ሽጉጥ ገዝቶ ከሌላ ስቴት የሚያስመጣውም መለዮውን ከለበሰ በኋላ ነው።