ሁለት መቆለፊያ ለአንድ ተጎታች ቤት፦ ከ14 ወር በኋላ

22 ጫማ ርዝመት ያለውን ተጎታች ቤታችንን የገዛን ሰሞን፣ ከፒክአፑ ኋላ ካለው መጎተቻ ኳስ ጋር የሚገጥመውን አፉን የምዘጋው በ25 ዶላር መቆለፊያ ነበር። አንድ ቀን ቁልፉ ቢጠፋብኝ በመዶሻ መታሁት። በሦስተኛው ምት ለሁለት ተሰነጠቀ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ሁለት ዕቃ አዘዝኩ፦ አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የወፍራም ብረት መቆለፊያ በ180 ዶላር፣ የጎማ መቆለፊያ ደግሞ በ95 ዶላር።

የመጀመሪያው ጥንካሬው አያጠያይቅም። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የኳሱን መጠን እዩ፤ የእኛ 2 ኢንች ከ5/16 ስለሆነ ለ2 ኢንች የተሠራው አይሆነውም። ያማረረኝ ብርዱ ነው። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ነው፤ ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ቁልፍ ማስገቢያው ውስጥ ይጋገራል። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክኬ ቁልፉን በላይተር ሳሞቅ ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ። ባለቤቴ ከመኪናው ሆና «ስግደቱ ስንት ቀረህ?» አለችኝ። ዘይት ብጨምርበት አቧራ ሰብስቦ ባሰበት፤ የተሻለው የግራፋይት ዱቄት ነው። የቁልፍ ማስገቢያው ክዳን በስምንተኛው ወር ስለወደቀ አሁን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ጣት ቆርጬ አልብሼዋለሁ።

ይህ ሁሉ ልፋት ሌባን ብቻውን አያቆመውም። አፉ ቢዘጋበት የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ከመኪናው ጋር ጠምጥሞ ቀስ እያለ ይጎትተዋል፤ የሚፈልገው ከሰው ዓይን መሰወር ብቻ ነው። ጎማው ካልዞረ ግን ይቸገራል።

የዛሬው ዓይነት የጎማ መቆለፊያ አገሩ እዚሁ ነው። የፈለሰፈው ፍራንክ ማሩግ የተባለ የዴንቨር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1958 ፓተንት አግኝቶበታል። እዚህ እስከ ዛሬ «የዴንቨር ቦት ጫማ» ይሉታል። ስትገዙ የቸርኬውን ብሎኖች የሚሸፍነውን ምረጡ። የእኛ ተጎታች በየጎኑ ሁለት ጎማ ስላለው፣ ብሎኑ ከተገኘ የታሰረውን ጎማ አውልቆ በቀሩት ሦስቱ መጎተት ይቻላል።

የዚህኛው ጣጣ የእኔው መርሳት ሆነ። ሰኔ ላይ ልጆቹ ተሳፍረው፣ ጀበናው ሳይቀር ተጭኖ፣ መቆለፊያውን ሳልፈታ ተነሣሁ። ጎማው ግማሽ ዙር ሳይሞላ ፓራፋንጎውን ገነጠለው፤ ማስጠገኛው 340 ዶላር። ከዚያ ወዲህ መቆለፊያው ጎማው ላይ ባለ ቁጥር ፒክአፑ መሪ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ።

በባትሪ ለሚሠራ ግራይንደር (ብረት መቁረጫ) ሁለቱም አይመልሱለትም፤ ጊዜ ይፈጁበታል፣ ያስጮሁታል እንጂ። ስለዚህ ተጎታቹን የማቆመው አፉን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው። አንዱን ብቻ ግዛ ብባል የ95 ዶላሩን እገዛለሁ፤ የ180ው ነገር ግን አሁንም ያንገበግበኛል።