ለሰደድ እሳት ተከላካዮች፦ አራሚድ ወይስ በኬሚካል የታከመ ጥጥ?

በደን ሰደድ እሳት ላይ የሚሠራ ሰው ለረጅም ሰዓታት ዳገት እየወጣ ስለሚቆፍርና ስለሚቆርጥ፣ ሰውነቱን የሚያስጨንቀው ሙቀት አብዛኛው ከነበልባሉ ሳይሆን ከራሱ ጡንቻ የሚመነጭ ነው፤ ስለዚህ ልብሱ እሳትን ከመከላከል ባሻገር ላብና ሙቀት ማስወጣት ይኖርበታል። አራሚድ የተባለው ሰው ሠራሽ ቃጫ እሳትን የሚቋቋመው በራሱ ተፈጥሮ በመሆኑ ይህ ጠባዩ በመታጠብ አይጠፋም፤ ነገር ግን ላብ እምብዛም ስለማይመጥጥ ገላን ሊሻክር ይችላል። እሳት እንዲቋቋም በኬሚካል የታከመው ጥጥ ለገላ ይለሰልሳል፣ ላብም ይመጥጣል፤ ሆኖም ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፣ በክሎሪን ከታጠበ ደግሞ መከላከያው ይዳከማል። እኔ ለረጅም ፈረቃ አራሚድን እመርጣለሁ፤ ከሥሩ ግን የጥጥ ወይም የሱፍ ካናቴራ ይለበስ፣ ፖሊስተር በሙቀት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና። የትኛውም ጨርቅ ቢመረጥ ልብሱ ሰፋ ብሎ ካልተሰፋ፣ ሙቀትን የሚያግደው በገላና በጨርቅ መካከል ያለው አየር ይጠፋል፤ በወንድ ልክ ብቻ የተሰፋ ሱሪ ደግሞ ብዙ ሴቶችን ዳሌ ላይ ጨምድዶ ይይዛል፣ ወገብ ላይ ይሰፋቸዋል።