ተጨማሪ የደንብ መጽሐፍ ወይስ ቀላል ደንብ?

እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተሰኘው የጠረጴዛ ዙሪያ የምናብ ጨዋታ በሦስት ትንንሽ ጥራዞች የተወሰነ ሲሆን፣ ሰይፍም ሆነ ጩቤ የሚያደርሰው ጉዳት የሚለካው በአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነበር፤ በ1975 የወጣው ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ግን ለየመሣሪያው የተለያየ ዳይስ መደበ፣ ተጫዋቹ ሊሆነው የሚችል ሌባ የሚባል የጀግና ዓይነትም ጨመረ። ጭማሪው ምርጫን አስፍቷል። ሆኖም ባሕር ዳር ላይ ተሰብስበው ወደ ደቅ ደሴት የሚቀዝፍ ጀግና ለሚፈጥሩ ጓደኛሞች፣ ጉማሬ ታንኳውን በገለበጠበት ቅጽበት የዋና፣ የነፋስና የሸክም ሠንጠረዥ ማገላበጥ ድንጋጤውን ያበርደዋል፤ በቀላሉ ደንብ ግን የጨዋታው መሪ (ታሪኩን የሚተርከውና የሚዳኘው ሰው) አንድ ዳይስ አስጥሎ ወዲያው ይፈርዳል። እርግጥ ነው፣ ፍርዱ በመሪው ሚዛናዊነት ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ክርክር ለሚወዱ ተጫዋቾች (የማይወድ ካለ) የተጻፈው ይሻላል። ለጀማሪዎች እኔ ቀላሉን እመርጣለሁ፤ ተጨማሪው መጽሐፍ፣ ነባሩ ደንብ የማይመልሰው ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሣ ቢገዛ ይደርሳል።