ከዓባይ በረሃ መልስ መኪናችሁ የተቃጠለ ነገር ከሸተተች ምን ትገዛላችሁ?

ቁልቁለቱ ጎሃ ጽዮን ላይ ይጀምራል። ድልድዩ ጋ እስክትደርሱ ከ1000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወደ ደጀን የሚያስወጣው ዳገት ይጠብቃችኋል። ባሕር ዳር ገብታችሁ መኪናዋን ስታቆሙ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ፣ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ሽታው ከየት እንደሚመጣ ለዩ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። መኪናዬ ሸተተችና አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ፍሪሲዮኗ (ክላቿ) አልቋል» ተባልኩ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ፣ አዲስ ፍሪሲዮን ገባ፣ ብሩን ቆጥሬ ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ሽታው ተመለሰ። ለካ የቀኝ የፊት ጎማ ፍሬን ይዞ አልለቅ ብሎ ኖሯል። ክረምቱን ሐይቁ ዳር ቆማ ስለከረመች የካሊፐሩ፣ ማለትም ፍሬኑን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል፣ ፒን ዝጓል። ፒኑን አጽድቶ ግሪስ መቀባት ብቻ ይበቃ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

የፍሬን ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከጎማ አካባቢ ነው የሚመጣው። እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጉ፣ ግን አትንኩ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከጋሉ ግን ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ወርዳችሁት ይሆናል። ውሃ እንዳታፈሱበት፤ የጋለ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ሳህን) ሊጣመም ይችላል። ቆማችሁ አብርዱት።

የፍሪሲዮን ሽታ የተቃጠለ ወረቀት ይመስላል። በአራተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከኮፈኑ ስር የዘይት ሽታና ቀጭን ጭስ ከመጣ ደግሞ ዘይት ጭስ ማውጫው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ብዙ ጊዜ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርገውን ማሸጊያ) መቀየር ይበቃዋል። የቀለጠ ፕላስቲክ ከሸተተ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወዲያው ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ የባትሪውን ገመድ ንቀሉና ኤሌክትሪሽያን ጥሩ።

አሁን ወደ ግዢው። በብዛት ሰው የሚሳሳተው የፍሬን ሸራ ላይ ነው። በገበያው ሦስት ዓይነት አለ። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳና ርካሽ ነው፣ ድምፅም የለውም። ሲግል ግን የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ሰሚ ሜታሊክ ውስጡ የብረት ብናኝ አለው። ሙቀት ይችላል። ጠዋት ጠዋት ሊጮህ ይችላል፣ ዲስኩንም በመጠኑ ይበላል። ሴራሚክ ጸጥ ያለ ነው፣ ቸርኬ አያጠቁርም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ዋጋው ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከጊዮርጊስ እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ብቻ ለምትመላለስ ቪትዝ ጥሩ ኦርጋኒክ ሸራ በቂ ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴም ቢሆን ዓባይ በረሃን የምታቋርጡ ከሆነ ግን እኔ ሰሚ ሜታሊክ እላለሁ። ሰው ጭኖ ለሚሠራ ሚኒባስ ደግሞ ሌላ ምርጫ ባትፈልጉ ደስ ይለኛል። የጮኸው ይጩህ፣ ዋናው ነገር መያዙ ነው።

ያገለገለ ሸራ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ምን ያህል እንደጋለ፣ ዘይት ይንካው አይንካው አታውቁም። ኦርጅናሉ ከከበዳችሁ ስም ያለው ሌላ አምራች የሠራውን መግዛት አያሳፍርም። አሮጌውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ፣ ጠርዙ በጥፍር ሲነካ ከተፈረፈረ፣ ጽሑፉ ከደበዘዘ ይቅርባችሁ።

የፍሬን ዘይቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይስባሉ። ውሃ ሲገባባቸው መፍያቸው ወደ 140 እና 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ቁልቁለት ላይ ወለል ይነካል። ስለዚህ ትንሿን የታሸገች ጠርሙስ ግዙ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን ተዉት። በየሁለት ዓመቱም አስቀይሩት። የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ዶት 3 ቢልም ዶት 4 መጠቀም ይቻላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

ፍሪሲዮኑ በእርግጥ ካለቀ ምርጫው የፍሪሲዮኑን ዲስክ ብቻ ወይስ ሙሉውን መግዛት ነው። ዲስኩ ብቻ ሲገዛ ይረክሳል። ነገር ግን ካምቢዮ የማውረዱ የእጅ ዋጋ ያው ነው። ዲስኩን የሚጫነው ሳህን ወይም ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ከስድስት ወር በኋላ ቢበላሽ ያንኑ የእጅ ዋጋ ደግማችሁ ትከፍላላችሁ። ሦስቱን አንድ ላይ ግዙ። ብር ካጠረ ጥቂት ጠብቁ እንጂ ያገለገለ አታስገቡ።

አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢሸት አትደንግጡ። ሰው በማይበዛበት መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀስ እያላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ አሥር ጊዜ ያህል ፍሬን ያዙ። በየመሃሉ ንፋስ እንዲያገኝ ንዱት። ቁልቁለት ላይ በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ፣ ፎሌ አታድርጉ፣ ማለትም ማርሽ አውጥታችሁ አትንዱ። ሽታው ከሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ግን ቸርኬዎቹን እንደገና በእጃችሁ ፈትሹና ሸራውን የገጠመላችሁ ሰው ጋ ተመለሱ።