ከጦር ሠራዊት የወጣ ኤል ኤም ቲ ቪ ለካምፒንግ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከአገልግሎት ያወጣቸውን የጭነት መኪኖች በኢንተርኔት ጨረታ ለማንኛውም ሰው እንደሚሸጥ ያወቅሁት፣ በኮሎራዶ ተራሮች ለካምፒንግ በወጣን ቁጥር እነዚያን አረንጓዴ መኪኖች እያየሁ ባለቤቶቻቸውን በመጠየቅ ነው። በ2022 መጨረሻ እኔም ኤም 1078 ኤ1 የተባለውን፣ በተለምዶ ኤል ኤም ቲ ቪ የሚባለውን፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ገዛሁ። እዚህ አውሮራ ያሉ ወዳጆቼ ዋጋውን ሰምተው «እኛም እንግዛ» ስላሉኝ፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት የማውቀውን ሁሉ ጽፌ ላቆይላቸው ወደድሁ።

መኪናው በመሠረቱ የኦስትሪያው ሽታየር 12 ኤም 18 ነው፤ ስቱዋርት ኤንድ ስቲቨንሰን የተባለው ኩባንያ ንድፉን ለአሜሪካ ጦር አስማምቶ ቴክሳስ ውስጥ በሲሊ ከተማ አምርቶታል። ገዢ በመጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር የትኛውን ትውልድ እንደሚገዛ ነው። ቀዳሚው ትውልድ ካተርፒላር 3116 የተባለ ባለ 225 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው ሲሆን፣ ኤ1 የሚባለው ደግሞ ባለ 275 ፈረስ ጉልበት ካተርፒላር 3126 እና በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት አለው። ልዩነቱ የጉልበት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በፍጥነት ሲነዱ ኃይልን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ሻፍት ችግር ስለታየበት ጦሩ በ1998 ከ30 ማይል በላይ እንዳይነዱ ገደብ ጥሎባቸው ነበር፤ ካቢናቸውም ቶሎ በዝገት መበላቱ በመንግሥት ምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ የቀዳሚው ትውልድ ዋጋ ሁለት ሺህ ዶላር ቢቀንስም እንኳ ኤ1 መግዛት ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ዝገትን እንዴት መፈለግ እንዳለብኝ ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ በደርግ ዘመን ኡራል የተባለው የሶቪየት ወታደራዊ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በዚያ ወቅት እኛን ሊጠይቅ መጥቶ ስለነበር መኪናውን ለማየት አብረን ሄድን። ሞተሩን ከማየቱ በፊት የካቢናውን ወለል ላስቲክ ገልጦ፣ እጁን ከሥሩ አስገብቶ ጥግ ጥጉን ዳሰሰ። «ልጄ፣ ሞተር ይጠገናል፤ ቆርቆሮ ከተበላ ግን መኪናው አለቀ ማለት ነው» አለኝ። ከሦስት መኪኖች ሁለቱን በዚህ ፍተሻ ብቻ ትተናቸዋል። ፎቶግራፍ አይቶ የሚጫረት ሰው ይህን ማድረግ ስለማይችል፣ መኪናው የቆመበት ግቢ ድረስ ሄዶ ማየት ለጉዞ የሚያወጣውን ወጪ ብዙ እጥፍ ይመልስለታል።

ጨረታው «ባለበት ሁኔታ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከተከፈለ በኋላ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። መግለጫው ሞተሩ እንደሚነሳ ይናገር ነበር። ልረከብ ስሄድ ግን በተርታ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡት ባትሪዎች ሞተው፣ አንድ የአየር ቱቦም ሲተነፍስ አገኘሁ። ያሸነፍኩበት ዋጋ 9,400 ዶላር ነበር። የገዢ ክፍያ፣ ማጓጓዣ፣ ባትሪ፣ አምስት ጎማ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተደምሮ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ሲወጣ ወጪዬ ከ19 ሺህ ዶላር አልፏል። በተለይ ጎማዎቹ እንዳያታልሏችሁ አደራ እላለሁ፤ ጥርሳቸው ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ከታተሙት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ የእኔዎቹ ከተመረቱ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር። መጠናቸው 395/85 አር 20 በመሆኑ ተራ ጎሚስታ ዘንድ አይገኙም፤ ሲገኙም ርካሽ አይደሉም።

ከወረቀቱ በኩል፣ መንግሥት የሚሰጠው ኤስ ኤፍ 97 የተባለ ሰነድ ሊብሬ ለማውጣት የሚያስችለው ዋና ማስረጃ ነው። እሱ እስኪደርሰኝ ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ከጦር የወጣን መኪና በመንገድ ላይ ለመንዳት የሚያስፈልገው ፈቃድ በየስቴቱ ስለሚለያይ፣ ከመጫረት በፊት የመኖሪያ ስቴቱን የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ መጠየቅ ግድ ነው። መልካሙ ነገር፣ መኪናው የተፈቀደለትን ጭነት ይዞ እንኳ ክብደቱ ለንግድ ከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መነሻ ከሆነው 26,001 ፓውንድ በታች በመሆኑ፣ ለቤተሰብ ጉዞ በተራ መንጃ ፈቃድ እነዳዋለሁ። ይህ ማለት ግን ተራ ችሎታ ይበቃል ማለት አይደለም። ባዶውን ከሰባት ቶን በላይ የሚመዝንን፣ የአየር ፍሬን ያለውን መኪና ቁልቁለት ላይ መቆጣጠር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔም ከባድ መኪና ከሚነዳ ወዳጄ ጋር ለአንድ ወር እሑድ እሑድ ተለማምጄ ነው ለብቻዬ የወጣሁት።

በአውራ ጎዳና ላይ መኪናው አድካሚ ነው። በየጎማው ማዕከል ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚያበዛ ጥርስ ስላለው ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ የሚደርሰው ወደ 58 ማይል፣ ማለትም 93 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሌላው ሰው በ75 ማይል በሚከንፍበት መንገድ ቀኝ ጠርዝ ይዞ ለአራት ሰዓት መጓዝ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያለ ጆሮ መከላከያም አይሞከርም። በመቶ ኪሎ ሜትር ወደ 30 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚረሳው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው። በ2023 ሐምሌ ግሬት ሳንድ ዱንስ ወደተባለው ብሔራዊ ፓርክ ሄደን በሜዳኖ ፓስ መንገድ ወጣን። መንገዱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ጥልቅ አሸዋ፣ ከዚያም የሜዳኖን ወንዝ እየደጋገሙ መሻገር አለበት። አሸዋው መግቢያ ላይ ሌሎች መኪኖች ቆመው፣ ሾፌሮቹ ተንበርክከው ከየጎማው በእጃቸው አየር ሲቀንሱ አየን። እኔ ካቢና ውስጥ ተቀምጬ ለአሸዋና ለጭቃ የተሰጠውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ መኪናው አራቱንም ጎማ ራሱ አስተነፈሰ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን ያለ አንዳች ትግል አለፍን። አባቴ ይህን ሲያይ ፈገግ ብሎ፣ ኡራልም ጎማውን ከካቢና ይነፋና ያስተነፍስ እንደነበር፣ ጎማ በጥይት ተበስቶ እንኳ ኮምፕሬሰሩ እየነፋለት ጋራዥ ድረስ እንደደረሰ አጫወተኝ። ይህን ታሪክ ከዚያ ቀን በፊት ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ሌሊቱን ከወንዙ ዳር ካሉት ነጻ የማደሪያ ቦታዎች በአንዱ አሳለፍን። የጭነት መያዣው ሰፊ በመሆኑ ሸራውን ወጥረን ፍራሽ አነጠፍን፤ ሁለት መቶ ሊትር ውኃ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጀበናና ረከቦት ሳይቀር ይዘን ነበር። ወለሉ ከመሬት እስከ ደረቴ ስለሚደርስ ባለቤቴ ያለ መሰላል መውጣት አልቻለችም፤ ጠንካራ መሰላል ከመጀመሪያዎቹ ግዢዎች አንዱ ይሁን። ብርዱን አባቴ ከመንዝ ብርድ ጋር አመሳስሎታል።

ጠዋት መነሳትም የራሱ ጣጣ አለው። የአየር ግፊቱ በሌሊት ከወረደ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፤ ሞተሩ እየሠራ ግፊቱ እስኪሞላ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ድምፁ ደግሞ በአካባቢው ያደረውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የሚያፈሱ ማያያዣዎችን አንድ በአንድ በሳሙና ውኃ ፈልጌ ካጠበቅሁ ወዲህ ግፊቱ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ስፋቱም ሊታሰብበት ይገባል፤ 2 ሜትር ከ44 የሚሰፋ መኪና ገደል ይዞ በሚሄድ ጠባብ መንገድ ላይ ከሚመጣ ጂፕ ጋር ሲገጣጠም የሚያልፍበት የለውም። አንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ለመመለስ ተገድጃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ስፋት ሳላጣራ አልገባም።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝን ለወዳጆቼ በግልጽ ልናገር። ካቢናው የሚይዘው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ከኋላ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተደርጎ ወታደር ይጫንበት ነበር፤ ነገር ግን ቀበቶ በሌለው አግዳሚ ላይ ልጆቼን አስቀምጬ አውራ ጎዳና አልወጣም፤ ማንም ወላጅ እንዲያደርገውም አልመክርም። እኛ ከአባቴ ጋር አምስት ነን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጉዞ ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ በቤት መኪናችን ትከተለናለች፤ ሜዳኖ ላይም የእሷን መኪና አሸዋው ከመጀመሩ በፊት አቁመን ልጆቹን ተራ በተራ በሁለት ምልልስ አሻገርናቸው። ቤተሰቤን በአንድ መኪና ሰብስቤ ልጓዝ ብዬ የገዛሁት መኪና በሁለት መኪና እንድንጓዝ አድርጎናል። ይህን ከመግዛቴ በፊት በደንብ አላሰብኩበትም ነበር።

እንግዲህ ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ሩቅ በረሃ ለሚወጡ ጓደኛሞች፣ ዝገት የሌለበት ኤ1 ከተገኘና ከጨረታው ዋጋ ሌላ ያንኑ ያህል ለጥገና ከተያዘ፣ በዚህ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ መኪና አይገኝም ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ብዙ ልጆች ላሏቸው ግን አልመክርም። የእኔን አልሸጠውም፤ አባቴ በመጪው ሰኔ ተመልሶ ሲመጣ ሦስተኛው ወንበር የእሱ ነው።