«ለአጋዘን ይሆናል» የተባልኩት ጥይት

ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠመንጃዬ .223 ነው፤ የጥይቱ ውፍረት 5.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሻጩን «ለአጋዘን የሚሆን አለህ?» አልኩት። ባለ 55 ግሬይን (ግሬይን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) አወጣና «በዚህ የማይወድቅ አጋዘን የለም» አለኝ። ቅናሽም ስለነበረው ሦስት ፓኬት ወሰድኩ። ፓኬቱ ላይ የቀበሮ ሥዕል እንዳለ ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

አደን ወጥቼ አንዲት አጋዘን ላይ ተኮስኩ። ተኩሴ ጥሩ ነበር፤ ትከሻዋን አገኘኋት። ግን አልወደቀችም። እስኪመሽ ደሟን እየተከተልኩ ሄጄ በሁለተኛ ጥይት ጨረስኳት። ቆዳዋን ስገፍ ከላይ መዳፍ የሚያክል ቁስል አየሁ። ከሥሩ ግን ሳንባዋ ጋ የደረሰ ምንም የለም። ከሥጋው ውስጥ እንደ ጥፍር ቁራጭ የሳሱ፣ የጥይቱን እርሳስ የሚሸፍነውን የመዳብ ልባስ ቁርጥራጮች ለቀምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ጥይት የተሠራው ለትንንሽ አውሬ ነው። ልባሱ ስስ ነው፣ ገና ሲነካ እንዲበተን ታስቦ የተሠራ። 55 ግሬይን ማለት 3.6 ግራም ገደማ ነው። አጥንት ላይ ከተበተነ ወደ ውስጥ የሚገባ ምን ይተርፈዋል?

«እንግዲያው ሙሉ ልባስ ያለውን የወታደር ጥይት ልግዛ» የሚል አይጠፋም። እሱም አይሆንም፤ ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። ቁስለኛዋ ርቃ ሄዳ ነው የምትሞተው። በዚያ ላይ 5.56 ናቶ የሚባለው የወታደር ጥይት .223 ተብሎ በተሠራ ጠመንጃ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። «ያው አንድ ናቸው» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት።

የሚጠየቀው እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ 60 ግሬይንና ከዚያ በላይ የሆነ ጥይት ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጠመንጃችሁን እዩ። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው፣ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ጭረት በ12 ኢንች አንዴ የሚዞር ከሆነ ረጃጅሞቹን ከባድ ጥይቶች ቀጥ አድርጎ አይልክም። በ8 ወይም በ9 ኢንች አንዴ የሚዞር ይሻላል፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ጠመንጃው ላይ ተቀርጿል። ሕጉንም ጠይቁ፤ ለአጋዘን ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ጭራሽ የማይፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ።

ያልተከፈቱትን ሁለት ፓኬቶች ልመልስ ሄጄ ነበር። «ጥይት አይመለስም» አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ። ለኢላማ እጨርሳቸዋለሁ።