ከራስ የመነጠል ስሜት ሲመጣ፦ ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ ወይስ ዙሪያን መቃኘት?

ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት የደረሰበት ሰው ድንገት ከገዛ አካሉ የወጣ ያህል ሊሰማው፣ ዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ሕልም ሊመስለው ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ) ይህ ምልክት ያለባቸውን የፒቲኤስዲ (ከከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም) ታማሚዎች በንዑስ ዓይነት ለይቷቸዋል።

ዓይን ጨፍኖ በጥልቀት መተንፈስ ልብ ሲመታና ሰውነት ሲወጠር ይረዳል። ለተነጠለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይበጅም፤ ዓይን ሲጨፈን ከአሁኑ ጊዜ ጋር የሚያያይዘው ነገር ይቀንሳል፣ የቆየው ትዝታም ቦታ ያገኛል። በጥልቀት እየተባለ ቶሎ ቶሎ ከተተነፈሰማ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ የሚከተለው ማዞርና መደንዘዝ ስሜቱን ያባብሰዋል።

ዙሪያን መቃኘት ይሻላል። ዓይን ተገልጦ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ የሚታዩ 5፣ የሚዳሰሱ 4፣ የሚሰሙ 3፣ የሚሸተቱ 2፣ የሚቀመስ 1 ነገር ድምፅ አውጥቶ መጥራት ነው። ቁጥሩ ቢዛነፍ ግድ የለም። የሚበላሸው በችኮላ ሲቆጠር ነው፦ «ወንበር» ብሎ ከማለፍ «እግሩ ላይ ቀለሙ የተላጠ ቡናማ ወንበር» ማለት ይመረጣል። አጠገብ ያለ ሰው ሳያስፈቅድ አይንካ። ታማሚው የት እንደነበረ ማስታወስ ካቃተው ግን የሚጥል በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።